ጋርኔት ከነድንጋዩ

ከላስ ቬጋስ ወደ ሰሜን አራት ሰዓት ያህል ሲነዱ ኢሊ የምትባል ትንሽ የኔቫዳ ከተማ ይደርሳሉ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ፣ በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና ስድስት ማይል ያህል ራቅ ብሎ፣ ጋርኔት ሂል የሚባል ተራራ አለ። ማንም ሰው መዶሻ ይዞ ሄዶ፣ ያለ ክፍያ፣ ለራሱ የሚሆን ጋርኔት፣ ማለትም በአብዛኛው ቀይ የሆነ የማዕድን ክሪስታል፣ ፈልጎ መውሰድ ይችላል። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። የሚያስተዳድረው ሁሉም ሰው ቢኤልኤም እያለ የሚጠራው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ነው።

ቬጋስ ውስጥ ያለው ሐበሻ ብዛቱ ይታወቃል። ብዙዎቻችን በሌሊት እንሠራለን፣ ቀን እንተኛለን፣ ከከተማው ሳንወጣ ዓመቱ ያልቃል። እኔን ከዚህ ያወጣኝ ድንጋይ ነው። ይህን የምጽፈው ማዕድን መሰብሰብ አምሮት ከየት እንደሚጀምር ግራ ለገባው ሰው ነው። ጋርኔት ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ማዕድን ይመስለኛል። ጠንካራ ነው፣ ቅርጹ ይለያል፣ ብዙ ቦታ ይገኛል፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ከምንም በላይ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጋርኔቱን ከተቀመጠበት ድንጋይ አትነጥሉት፣ ከየት እንደመጣም ጻፉ።

መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ93 ቁጥር መንገድ ወጥተን ከዚያ በ318 ነው የምናቋርጠው። አላሞ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ካለፋችሁ ማደያ እንደልብ አይገኝም፤ እዚያው ሞልታችሁ እለፉ። ስልክ ለረጅም ጊዜ ስለሚጠፋ ካርታውን ቤት ሳላችሁ ዳውንሎድ አድርጉ። ከዋናው መንገድ ወደ ተራራው የሚወስደው ኮረኮንች ነው። ላይ ጠረጴዛና መጸዳጃ ቤት አለ፤ የሚጠጣ ውሃ ግን የለም። ቬጋስ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ተራራው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቬጋስ እንደ እሳት በሚፋጅበት ወር እንኳ እዚያ ጠዋት ጃኬት ያስፈልጋል። በብርዱ ወራት በረዶ ይይዘዋል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ጫፍ ላይ አትቆዩ። የሚበዛው ዛፍ ፒንየንና ጽድ ነው። ጽዱ የእኛው የሐበሻ ጽድ ዘመድ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ሽታው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ያስታውሰኛል። ፊት ለፊት ሩት በምትባለው መንደር አጠገብ ያለው ትልቁ የሮቢንሰን የመዳብ ማዕድን ማውጫ ይታያል። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ እሱን ማየት ብቻውን ያስደስታቸዋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ጋርኔቱ እዚህ ለምን እንደተገኘ የገባው ሰው የት መፈለግ እንዳለበትም ይገባዋል። በዓለም ላይ አብዛኛው ጋርኔት የሚፈጠረው ጭቃና ደለል መሬት ውስጥ ጠልቆ፣ በሙቀትና በግፊት ብዛት ሺስት ወደሚባለው አብረቅራቂ፣ ንብርብር ድንጋይ ሲለወጥ ነው። ኢሊ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ተራራው ራዮላይት ነው፤ ሲሊካ የበዛበት ፈዛዛ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ ውስጡ ታፍኖ ቀረና ክፍተት ፈጠረ። ጋርኔቱ ያደገው በእነዚያ ክፍተቶች ግድግዳ ላይ፣ ከዚያው ትኩስ ጋዝ ነው። የሚጫነው ነገር ስላልነበረ ገጾቹ ጥርት ብለው ወጡ። ሺስት ውስጥ ያደገ ጋርኔት ብዙ ጊዜ በዙሪያው ያለውን ድንጋይ እየገፋና እየዋጠ ስለሚያድግ ገጹ ሻካራ ይሆናል። የኢሊው ግን ያበራል፤ ሲያዩት ሰው የሞረደው ይመስላል።

ዓይነቱ በአብዛኛው አልማንዲን ነው፤ ብረትና አልሙኒየም ያለበት ጋርኔት። ማንጋኒዝም ይገባበታል። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው፤ ወፍራሙ ሲታይ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። የስልክ መብራት ከኋላው አድርጋችሁ ስታዩት ነው ጠርዙ ላይ ቀዩ የሚወጣው። የብዙዎቹ መጠን ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሽምብራ የሚያክል ሙሉ ክሪስታል ያገኘ ሰው ቀኑ ተሳክቶለታል። ለቀለበት የሚሆን ጥሩ ድንጋይ ፍለጋ ከሆነ የምትሄዱት ይህ ቦታ አይሆናችሁም፤ አብዛኛው ውስጡ የተሰነጣጠቀና የጨለመ ነው። ክሪስታል ለመሰብሰብ ግን ወደር የለውም።

ፍለጋው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሬት ላይ ያለውን መልቀም ነው። ራዮላይቱ በዝናብና በውርጭ ሲፈርስ ጋርኔቱ አይፈርስም። ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ6.5 እስከ 7.5 ነው፣ በቀላሉ የሚከፈልበት ገጽ የለውም፣ አየርና ውሃም ቶሎ አይበሉትም። ስለዚህ ድንጋዩ አልቆ እሱ አፈር ላይ ይቀራል። ከዚያ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ፈፋው ያወርደዋል። ጋርኔት ደግሞ ከባድ ነው። ኳርትዝ የውሃን ክብደት 2.65 ጊዜ ሲሆን አልማንዲን ከ4 ጊዜ ይበልጣል። ጎርፉ በሚዳከምበት ቦታ፣ ማለትም ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ በመታጠፊያ ውስጠኛው በኩል፣ በዛፍ ሥር አጠገብ፣ መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። እዚያ ተንበርከኩ። ጥሩው ሰዓት ማለዳ ወይም ወደ ማታ ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ የክሪስታሉ ገጽ ብልጭ ይላል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ አቧራው ታጥቦ ስለሚሄድ ሥራው ይቀላል።

አንድ ጊዜ የጓደኛዬ እናት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት መጥተው አብረውን ሄዱ። ወንፊቱን፣ ባልዲውን፣ ማጉያ መነጽሩን ስናራግፍ ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው ለዚች ጠጠር ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ። ቁጭ ይበሉ፣ እዚህ ጥላ አለ።»

«ቁጭ ብዬ ምን ልሠራ? በል ትሪ አምጣ።»

ምግብ ያመጣንበትን ትሪ ሰጠኋቸው። በወንፊት ያለፈውን ደቃቅ አፈር አንድ ጭብጥ አድርገው ትሪው ላይ ዘረጉት። ከዚያ ምስር ሲያንገዋልሉ እንደኖሩት ትሪውን ማዞር ጀመሩ። ትንሽ ያዞራሉ፣ ያዘነብላሉ፣ በአፋቸው እፍ ይላሉ። ቀላሉ አፈር ወደ ፊት ሄደ፣ ከባዱ ወደ እሳቸው በኩል ተሰበሰበ። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ለይተው ያወጡት ጀመር። ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ገጽ ያለው ሁሉ ወደ አንድ ጎን። እኛ በዓይናችን ስንቃኝ ያለፍነው ደቃቁ ጋርኔት ሁሉ እሳቸው ትሪ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ትሪ ሳልይዝ አልሄድም። ትልቁን ወንፊቱ ላይ ታዩታላችሁ፤ ከወንፊቱ ሥር ለወረደው ደቃቅ ግን ትሪ ነው። ውሃ በሌለበት ተራራ ላይ ይህን የሚያህል ዘዴ አላየሁም፤ ለአገራችን እናቶች ደግሞ ማንም አያስተምራቸውም።

ሁለተኛው መንገድ መስበር ነው። እኔ ለስብስቤ የምፈልገው ከዚህ የሚገኘውን ነው። ፈፋ ውስጥ የሚለቀመው ጋርኔት ቆንጆ ነው፣ ግን ብቻውን ነው። ድንጋዩ ላይ ያለ ጋርኔት እንዴት እንዳደገ ያሳያል። ግድግዳው ይታያል፣ አጠገቡ ደቃቅ የኳርትዝ ክሪስታሎች ይታያሉ፣ ክፍተቱ ራሱ ይታያል። የኢሊን ጋርኔት የሚያውቅ ሰው ያንን ፈዛዛ ራዮላይት ገና ሲያየው ከየት እንደመጣ ይናገራል። የተነጠለው ክሪስታል ግን ከብዙ አገር ሊሆን ይችላል። ቬጋስ ውስጥ በማዕድን ክበብ ያገኘኋቸው አንድ አዛውንት አሜሪካዊ ቤታቸው ሳጥን ከፍተው ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዩኝ። ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

ስትሰብሩ በመጀመሪያ ድንጋይ ምረጡ። ላዩ ላይ ቀዳዳ የሌለበት ድፍን ራዮላይት ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ምንም የለውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን፣ ውስጡ ደቃቅ ብልጭታ የሚታይበትን ፈልጉ። ድንጋዩ ላይ ላቫው የፈሰሰበት መስመር አለ፤ ብዙ ጊዜ በዚያ መስመር ነው የሚከፈለው። መሮውን እዚያ ላይ አቁሙና ቀለል ባለ ምት ጀምሩ። ድምፁን አዳምጡ። ድፍን ሲሆን ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ሊከፈል ሲል ድምፁ ይደነቁራል። ያኔ ኃይል መጨመር የለም፤ አንድ ሁለት ቀላል ምት ይበቃል።

ድንጋዩ ተከፍሎ ክሪስታሉ ብቅ ሲል ደስታው አይጣል ነው። ልክ ያኔ መዶሻውን አስቀምጡ። ክሪስታሉ ግድግዳውን የያዘው በትንሽ ነጥብ ነው፤ የሚቀጥለው ምት ንዝረት ያስወነጭፈዋል። ትልቅ ቢሆንም ድንጋዩን እንዳለ ጠቅልላችሁ ወደ ቤት ውሰዱት። ክሪስታሉ ላይ መጀመሪያ ሶፍት፣ ከሶፍቱ በላይ ጋዜጣ ጠቅልሉ። ጥጥ አታድርጉ፤ ክሩ ጠርዙ ላይ ተጠምጥሞ አይለቅም። ድንጋዩን ማሳነሱ ቤት ይደርሳል። ቤት ውስጥ ማዕድን ቆራጮች የሚጠቀሙበት በመዘውር ጨምቆ የሚሰብር መሣሪያ አለ፤ ክበቦች ብዙ ጊዜ አላቸው፣ አባል ያውሳሉ። ቀስ ብሎ ስለሚጨምቅ ንዝረት የለውም። እሱ ከሌለ ከክሪስታሉ በጣም ርቃችሁ፣ በተቃራኒው በኩል፣ በትንሽ መሮ ጠርዙን ጠርቡ።

ክሪስታል ወድቆ ካገኛችሁ ከፍርፋሪው ውስጥ ፈልጉትና ከድንጋዩ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሉት። መልሶ በማጣበቂያ ማስያዝ ይቻላል፣ ነውር አይደለም። ነውሩ መደበቅ ነው። «የተጣበቀ» ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ነገ ስትሸጡት ወይም ለልጃችሁ ስታወርሱት ያ ቃል መኖር አለበት።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። የጂኦሎጂ መዶሻ ግዙ፤ የሚስማር መዶሻ ብረቱ ድንጋይ ለመምታት ስላልተሠራ ሊፈነጠርና ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የደህንነት መነጽር ለሚመታው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለቆመው ልጅም ጭምር ነው። የራዮላይት አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ብዙ የምትሰብሩ ከሆነ ማስክ አድርጉ፣ ነፋሱ አቧራውን በሚወስድበት በኩልም አትቀመጡ። ጓንት፣ ወንፊት፣ ትሪ፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ የእንቁላል ካርቶን ለደቃቆቹ። ውሃ ከምታስቡት እጥፍ።

ሕጉ ቀላል ነው፣ ግን አክብሩት። ቢኤልኤም መሬት ላይ የሚፈቀደው ለግል የሚሆን ልከኛ መጠን፣ በእጅ መሣሪያ ነው። ለንግድ ማውጣት አይቻልም፣ በሞተር የሚሠራ መቆፈሪያና ፈንጂም ክልክል ነው። ከኢሊ በስተ ምሥራቅ ግሬት ቤዝን ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቆንጆ ነው፣ ሂዱ፣ ግን እዚያ አንዲት ጠጠር ማንሳት አይፈቀድም፤ በአብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮች ሕጉ ይኸው ነው። ሌላ ቦታ ስትሄዱ መሬቱ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ፤ የማዕድን ይዞታ የወሰደ ሰው ሊኖር ይችላል። የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ድፈኑ። ይህ ቦታ ለሁላችንም ክፍት ሆኖ የሚቆየው እንዲህ ስናደርግ ነው።

ቤት ስትደርሱ ድንጋዩን ለብ ባለ ውሃ ከትንሽ የዕቃ ሳሙና ጋር ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ክፍተት ውስጥ የገባውን ጭቃ በስቴኪኒ አውጡ፤ እንጨት ጋርኔትን አይጭረውም። ከቀዝቃዛ ወደ በጣም ሙቅ ውሃ አታዘዋውሩ፤ ውስጡ ስንጥቅ ያለበት ክሪስታል ይሰበራል። ዝገት የመሰለ ቡኒ ነገር ከቀረ ብዙ ሰብሳቢዎች ኦክሳሊክ አሲድ ይጠቀማሉ። መርዝ ነው። ጀማሪ ባይነካው እመርጣለሁ፤ የሚነካው ደግሞ ከወጥ ቤት ውጭ፣ አየር ባለበት፣ በጓንት ይሁን። ከሌላ ቦታ የመጣ ጋርኔት ካልሳይት ላይ፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ በተሠራበት ማዕድን ላይ፣ ተቀምጦ ከሆነ አሲድ ጨርሶ አይቅረበው፤ ካልሳይቱን ይበላዋል።

ጋርኔት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ቅርጹን። ጋርኔት ሁለት የሚታወቁ ቅርጾች አሉት። አንዱ 12 ገጽ ያለው ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ዘንበል ያለ አራት ማዕዘን ነው። ሌላው 24 ገጽ ያለው ነው፤ የኢሊው በአብዛኛው ይህ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው የሚገኙበትም ጊዜ አለ። ከእሱ ጋር ከሚምታቱት ማዕድናት ቱርማሊን ረጅምና በቁመቱ የተሸነሸነ ነው፤ ስፒነል ብዙ ጊዜ 8 ገጽ ነው። ቀጥሎ ማግኔት። ኃይለኛ የኒዮዲሚየም ማግኔት ግዙ፣ ርካሽ ነው። ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ቁራጭ ፎም አንሳፉ፣ ጋርኔቱን ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ማግኔቱን አስጠጉ። አልማንዲንና ስፔሳርቲን የተባለው ሌላው የጋርኔት ዓይነት ብረትና ማንጋኒዝ ስላላቸው ፎሙ ወደ ማግኔቱ ይንሳፈፋል። ሩቢ እንዲህ አያደርግም፣ ተራ ቀይ ብርጭቆም አይንቀሳቀስም። ልጆች ይህን ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚቀሩት።

አሁን ከሁሉ የሚበልጥብኝ ነገር ላይ ደረስኩ፤ ወረቀቱ። እያንዳንዱ ናሙና ቁጥር ይኑረው። ከኋላው፣ ክሪስታል በሌለበት፣ ትንሽ ነጭ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጋችሁ ሲደርቅ በቀጭን ቋሚ እስክሪብቶ ቁጥሩን ጻፉ። ላዩን ግልጽ በሆነ የጥፍር ቀለም ሸፍኑት። ያው ቁጥር ደብተር ላይ ይግባ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ባለው ወረቀትም ላይ ይጻፍ። የእኔ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አልማንዲን ጋርኔት በራዮላይት ላይ። ጋርኔት ሂል፣ ኢሊ አጠገብ፣ ዋይት ፓይን ካውንቲ፣ ኔቫዳ፣ አሜሪካ።» ከሥሩ የተገኘበት ቀን፣ ያገኘው ሰው ስም፣ የጂፒኤስ ቁጥር፣ የተጣበቀ ወይም በአሲድ የጸዳ ከሆነ እሱም አለ። «ኔቫዳ» ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። ኔቫዳ ሰፊ ነው። ከቦታው ስም ጀምራችሁ ወደ ሰፊው ሂዱ።

የጻፋችሁት በአማርኛ ከሆነ ደስ ይላል፤ እኔ በሁለቱም ቋንቋ ነው የምጽፈው፣ ከእኔ በኋላ የሚይዘው ሰው እንዲያነበው። ከሌላ ሰው ስትገዙ ወይም ሲሰጣችሁ የድሮውን ወረቀት አትጣሉ። ቢያረጅም፣ ቢቀደድም፣ ስሙ ስህተት ቢኖርበትም ከናሙናው ጋር ይኑር። የተዘጋ ማዕድን ማውጫ ደግሞ ሌላ አይሰጥም። ካናዳ ኩቤክ ያለው ጄፍሪ ማዕድን ማውጫ ግሮሱላር በሚባለው ብርቱካንማና አረንጓዴ ጋርኔቱ ዓለም ያወቀው ነበር፤ ማውጫው ሥራ ካቆመ በኋላ ያለው ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ለመምጣቱ ምስክሩ ያቺ ወረቀት ናት።

አንዴ ኢሊን ካያችሁ በኋላ ሌላው ያጓጓል። ጋርኔት አንድ ማዕድን ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ዋናዎቹ ስድስት ናቸው፦ ፓይሮፕ፣ አልማንዲን፣ ስፔሳርቲን፣ ግሮሱላር፣ አንድራዳይትና ኡቫሮቫይት። ውስጣዊ አሠራራቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በያዙት ንጥረ ነገር ነው። በመካከላቸው ስለሚቀላቀሉ ንጹሑ ብርቅ ነው። ጋርኔት ቀይ ብቻ የሚመስለው ሰው ከታንዛኒያ ሜሬላኒ የሚመጣውን አረንጓዴ ግሮሱላር ይይ። ይህ ጻቮራይት የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው ከኬንያ ጻቮ ፓርክ ሲሆን የጌጣጌጥ ኩባንያው ቲፋኒ ለገበያ ያስተዋወቀው በ1974 ነው። ከቻይና ፉጂያን ደግሞ ብርቱካንማ ስፔሳርቲን ከጥቁር ኳርትዝ ጋር አብሮ አድጎ ይመጣል። ከኡራል ተራሮች የሚመጣው ኡቫሮቫይት ደቃቅ ነው፣ ግን የተቀመጠበትን ክሮማይት የተባለ ጥቁር ማዕድን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖት በማጉያ ሲታይ ልብ ይሰርቃል።

በአሜሪካም ምርጫ አለ። አይዳሆ ኤመራልድ ክሪክ ላይ የሚገኘው አልማንዲን ክብ ተደርጎ ተሞርዶ ሲለሰልስ ባለአራት ወይም ባለስድስት ጨረር ኮከብ ያሳያል፤ ውስጡ ያሉ ሩታይል የተባለ ማዕድን ቀጫጭን መርፌዎች ብርሃኑን ስለሚመልሱ ነው። እዚያ ፈቃድ ተከፍሎበት ይፈለጋል። አላስካ ራንገል ከተማ ላይ የከተማው ልጆች ከሺስት የሚያወጡትን ጋርኔት በመርከብ ለሚመጣ እንግዳ ይሸጣሉ። የኢሊውን ራዮላይትና የራንገሉን ሺስት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ሁለቱን አፈጣጠር በአንድ መደርደሪያ ላይ ያሳያል። የእኔን መደርደሪያ ለሚጠይቅ እንግዳ መጀመሪያ የማሳየው እነዚህን ሁለቱን ነው።

መግዛት ከጀመራችሁ ትልቁ ገበያ አሪዞና ቱሳን ነው፤ በየዓመቱ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ ይካሄዳል። ከቬጋስ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። በዚያ ብዛት ውስጥ ሰው ይደናገራል። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አትግዙ፤ እዩ፣ ጠይቁ፣ ዋጋ አነጻጽሩ። ሺስት ላይ ያለ ጋርኔት ስታዩ በማጉያ ዙሪያውን ፈትሹ። ጉድጓድ ተቆፍሮ ክሪስታል የተጣበቀበት ይኖራል። ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ያዙ፤ ብዙ ማጣበቂያ በእሱ ሲታይ ነጣ ያለ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ከመጠን በላይ የሚያብለጨልጭ ትልቅ ክሪስታልም ጠርጥሩ። ዘይት ወይም ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ አንዳንዴም ገጹ ተሞርዶ ሊሆን ይችላል። ሻጩን ጠይቁት። ሐቀኛ ሻጭ ያለ ችግር ይነግራችኋል፤ ከየት እንደመጣ በደንብ የማያውቅ ሻጭ ደግሞ ድንጋዩ ቢያምርም ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ «እኛስ ጋ የለም?» ይሉኛል። አለ። ግን የት እንደሚፈለግ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዙሪያና አብዛኛው ደጋ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በተለይ በባዛልት፣ የተሸፈነ ስለሆነ ጋርኔት ለመፈለግ ምቹ አይደለም። የወሎ ደላንታ ኦፓል የሚወጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ጋርኔት የሚጠበቀው ጥንታዊው ድንጋይ በሚታይባቸው ቦታዎች ነው፤ በደቡብ በጉጂና በቦረና፣ በምዕራብ በወለጋ፣ በሰሜን በትግራይ። እዚያ ሺስትና ናይስ የሚባለው ባለመስመር ድንጋይ አለ። ሺስት ስታዩ ላዩ ላይ ጎልተው የወጡ ክብ ክብ ጥቁር ቀይ ነገሮች ፈልጉ። ወንዝ ዳር ያለ ከባድ ጥቁር አሸዋም በማጉያ ይታይ፤ ቀይ ፍሬ ካለበት ማግኔቱን ሞክሩ።

ዘመድ ከአገር ቤት ድንጋይ እንዲልክላችሁ ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። በኢትዮጵያ ማዕድን የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው፤ ማውጣትም ወደ ውጭ መላክም ፈቃድና ሰነድ ይጠይቃል። በሻንጣ ውስጥ ደብቆ የሚመጣን ሰው ኤርፖርት ላይ ችግር ውስጥ አታስገቡት። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ግዙ፣ ደረሰኝና የመላኪያ ወረቀት ተቀበሉ፣ የወጣበትን ወረዳና ቀበሌም አስጽፉ። ነጋዴው ቀበሌውን ካላወቀ ያመጣለትን ሰው ጠይቆ እንዲነግራችሁ ለምኑት፤ ብዙዎቹ ፈቃደኛ ናቸው። ያ ወረቀት ሲደርሳችሁ ኮፒውን ደብተሩ ላይ ለጥፉ፣ ዋናውን ከድንጋዩ ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጡ።